ለፖቶማክ የሚሆን ካያክ

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ የሚኖር አንድ ጀማሪ በፖቶማክ ወንዝ ለመቅዘፍ ያገለገለ ካያክ በአካባቢው ሊገዛ ፈልጓል። ምን ይመልከት?

መልስ፦ በመጀመሪያ የሚቀዝፍበትን ቦታ ይለይ። ግሬት ፎልስ ፏፏቴ በአስቸጋሪነቱ 5ኛ ደረጃ ስለሆነ ለጀማሪ አይታሰብም። ከሥሩ ላለው የማዘር ሸለቆ፣ ከአስተማሪ ጋር፣ 2.5 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ሪቨር ራነር የሚባለው ካያክ ይስማማዋል። ከ2 ሜትር የሚያጥረው የመጫወቻ ካያክ ቶሎ ይገለበጣል።

ከቅርብ ሰው መግዛት ትልቁ ጥቅሙ ገብቶ መሞከር መቻሉ ነው! ዳሌው ሳይዋልል፣ ጉልበቱም የጭን መደገፊያውን ነክቶ፣ እግሩ ሳይደነዝዝ ሃያ ደቂቃ ይቀመጥበት። ካያኩ የሚሸከመው ክብደትም ከእሱ ኪሎ ጋር ይመጣጠን።

ቀጥሎ ገልብጦ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ፕላስቲክ በጣቱ ይዳስስ። ጭረት የተለመደ ነው፤ ስንጥቅ ካለው ግን አይግዛው። ፀሐይ ያነጣው ፕላስቲክም ይሰባበራልና ይቅርበት።