ሞላ ስትቀይሩ ብሎኑን መቼ ታጠብቃላችሁ?

አሮጌዋን ማዝዳ ሚያታዬን ዝቅ ለማድረግ ሞላና አሞርዛተሯን ራሴ ቀየርኩ። በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር አትግቡ፤ የብረት መቆሚያ ላይ ይረፍ። ሞላው በማመቂያ ሳይያዝ የላዩን ዳዶ መፍታት ፊት ያፈርሳል። (ነርሲንግ ስለምማር ነው የምጨቀጭቃችሁ።)

የእኔ ስህተት ሌላ ነው፤ ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ የክንዶቹን ብሎኖች አጠበቅኩ። አባቴ ቦኮላ የሚለው ላስቲክ ከውስጥም ከውጭም ብረት ላይ የተጣበቀ ስለሆነ አይሽከረከርም፤ ይጠማዘዛል። ተንጠልጥሎ ከታሰረ፣ መኪናው ሲወርድ ቆሞም እንደተጠማዘዘ ይኖራል፤ ቶሎም ይቀደዳል። ስለዚህ መጀመሪያ ብሎኑን ላላ አድርጋችሁ አስገቡ፤ መኪናው በአራቱም ጎማ መወጣጫ ላይ ሲቆም በቶርክ መፍቻ በመመሪያው ልክ አጥብቁ። ከዚያ አላይመንት አሠሩ። እኔ ሁሉንም ፈትቼ እንደገና ሳስር ቅዳሜዬ አለቀ።