የሐይቅ ሞገድ ስንት ሴንቲ ሜትር ነው?

ሞገድ ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበን ውቅያኖስ ነው። ይሁን እንጂ ነፋስ በሰፊ ውኃ ላይ በነፈሰበት ሁሉ ሞገድ ይነሣል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 188 ሜትር ከፍታ ያለው የተከዜ ግድብ የፈጠረው ሐይቅ እስከ ዋግ ኽምራ ይዘልቃል፤ በአበርገሌና በዝቋላ ወረዳዎችም የሐይቅ ዓሣ ማስገር እንዲጀመር ምክንያት ሆኗል። በትንሽ ጀልባ ለሚሠራ አስጋሪ የሞገዱን ቁመት ማወቅ የሕይወት ጉዳይ ነው። ታዲያ ቁመቱ እንዴት ይለካል?

አንዱ መንገድ ከሞገዱ ጋር የሚወጣና የሚወርድ ተንሳፋፊ ዕቃ ላይ አክስሌሮሜትር ማሰር ነው። በውቅያኖስ ላይ ይህ ዘዴ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል፤ መሣሪያዎቹ ግን ውድ ናቸው። ዛሬ ግን አነስተኛ ዋጋ ያለው አክስሌሮሜትር በስማርት ስልክ ውስጥ ሳይቀር ይገኛል። በውስጡ በቀጫጭን የሲሊከን ዘንጎች የተያዘች ደቃቅ አካል አለች። መሣሪያው ሲንቀሳቀስ እርሷ በጥቂቱ ወደ ኋላ ትቀራለች፤ ይህ የቦታ ለውጥ በኤሌክትሪክ ተለክቶ አክስለሬሽንን፣ ማለትም ፍጥነት በየሰከንዱ የሚለወጥበትን መጠን፣ ይሰጠናል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ከአክስለሬሽን ወደ ከፍታ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ኢንተግሬት ማድረግ ያስፈልጋል። መሣሪያው ዘወትር 0.01 ሜ/ሰ² ብቻ ቢሳሳት፣ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስሕተቱ ½ × 0.01 × 60² = 18 ሜትር ይሆናል። ሐይቁ ጸጥ ብሎ ሳለ መሣሪያው የ18 ሜትር ከፍታ ይነግረናል ማለት ነው!

መፍትሔው የሚገኘው ከሞገዱ ጠባይ ነው። ሞገድ ይመላለሳል፤ እንዲህ ያለው ስሕተት ግን አይመላለስም። ስለዚህ መዝገቡን በየፍሪኩዌንሲው ከፋፍለን፣ እጅግ ዝግተኛውን ክፍል እናስወግዳለን። የቀረውን እያንዳንዱን ክፍል በኦሜጋ ካሬ ስናካፍለው የሞገዱን አምፕሊቲዩድ እናገኛለን። ኦሜጋ 2 × 3.14 ለፔሪየዱ ሲካፈል የሚገኘው ነው።

ለምሳሌ ፔሪየዱ 2 ሰከንድ፣ ከፍተኛው አክስለሬሽን 2 ሜ/ሰ² ቢሆን፣ ኦሜጋ 3.14፣ ካሬው 9.86 ገደማ ይሆናል። አምፕሊቲዩዱ 2 ÷ 9.86፣ ማለትም 20 ሳ.ሜ. ያህል ነው፤ ከሸለቆው እስከ ጫፉ ያለው የሞገዱ ቁመት ደግሞ 40 ሳ.ሜ. ነው። በውቅያኖስ የተለመደው የ10 ሰከንድ ሞገድ ግን በዚሁ ቁመት የሚያስገኘው አክስለሬሽን 0.08 ሜ/ሰ² ብቻ፣ ይኸውም 25 እጥፍ ያነሰ ነው። እንግዲህ ርካሹ መሣሪያ ይበልጥ የሚመቸው ለውቅያኖሱ ረጅም ሞገድ ሳይሆን ለሐይቁ አጭር ሞገድ ነው።

አንድ ጥንቃቄ ግን ያስፈልጋል። ተንሳፋፊው ሲያዘነብል መሣሪያው የስበትን አቅጣጫ ያምታታል። ስለዚህ መዘንበሉን የሚለካ ጋይሮስኮፕ አብሮ ሊኖር ይገባል።

አንባቢያን ይህን ያለ ሐይቅ መሞከር ትችላላችሁ። አክስለሬሽን የሚያሳይ ፕሮግራም ያለበትን ስልክ በአግድም ይዛችሁ፣ በ40 ሳ.ሜ. ርቀት መካከል በየ2 ሰከንዱ አንድ ጊዜ ሳታቋርጡ ከፍና ዝቅ አድርጉት። ንባቡ በ7.8 እና በ11.8 ሜ/ሰ² መካከል ቢመላለስ ስሌቱ ትክክል ነው። መሐሉ 9.8 የሆነው ለምን እንደሆነ እናንተው አስረዱ።