ሦስት ክንድ
(ብስክሌተኛን ስለ መቅደም ሕግ አጭር ጥናት)

ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ የሚወርድ መኪና የጣርማ በርን ቁልቁለት ጨርሶ ሸዋ ሮቢትን ካለፈ በኋላ መንገዱ ሜዳ ይሆንለታል፤ ሾፌሩም ፍጥነት ይጨምራል። ጀውሃ የምትገኘው በዚሁ መንገድ ላይ ነው። በአስፋልቱ ዳር ግን እግረኛው፥ ጋሪውና ብስክሌተኛውም ይጓዛሉ። እኛ የሕግ ተማሪዎች ባንሆንም አንድ ጥያቄ ለመመርመር አስበናል፤ ይኸውም ብስክሌተኛን የሚቀድም ሾፌር ምን ያህል ርቆ ማለፍ ይገባዋል? የሚል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1968 በቪየና የተፈረመው የመንገድ ትራፊክ ስምምነት ቀዳሚው ለተቀዳሚው በቂ ስፋት እንዲተውለት ያዛል፤ ልኩን ግን በቁጥር አይወስንም። በቁጥር የወሰኑም አሉ። በአሜሪካ የዊስኮንሲን ግዛት እ.ኤ.አ. በ1973 ሦስት ጫማ፥ ማለት 90 ሳንቲ ሜትር ያህል ደነገገ። ጀርመን እ.ኤ.አ. በ2020 በከተማ ውስጥ 1.5 ሜትር፥ ከከተማ ውጭ 2 ሜትር አደረገችው። 1.5 ሜትር በእኛ ልማድ ሦስት ክንድ ያህል ነው።

አሁን ቀላል ሒሳብ እንሥራ። የመንገዱ አንድ ረድፍ 3.5 ሜትር ስፋት አለው እንበል። ብስክሌተኛው ከአስፋልቱ ጠርዝ ጥቂት ገባ ብሎ ሲሄድ የመሪው ጫፍ 80 ሳንቲ ሜትር ላይ ይደርሳል። በዚህ ላይ 1.5 ሜትር ርቀትና የጭነት መኪናውን 2.5 ሜትር ወርድ ብንጨምር 4.8 ሜትር ይሆናል። እንግዲህ መኪናው 1.3 ሜትር ያህል ወደ ግራው ረድፍ መግባት አለበት፤ ከፊት ለፊት ሌላ መኪና ሲመጣ ደግሞ ከብስክሌተኛው ኋላ ቀስ ብሎ መቆየት ግድ ይሆንበታል። ስለዚህ የርቀት ሕግ በውስጡ የመታገሥ ሕግ ነው።

«ሦስት ክንዱን በመንገድ ላይ ማን ይለካዋል?» የሚል ይኖራል። መልሳችን እንዲህ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለን ይቀጣል፤ አጥፊው በግልጽ የተደነገገ ደንብ እያወቀ ጥሶ ከሆነ ቅጣቱ ይበረታል። ነገር ግን ደንቡ «በቂ ርቀት» ብቻ ካለ፥ ለሾፌሩ በቂ የመሰለው ለብስክሌተኛው ሞት ሊሆን ይችላል፤ በችሎትም ክርክሩ «በቂ» በሚለው ቃል ላይ ይቀራል። ልኩ በቁጥር ከተጻፈ ግን ሾፌሩ ገና መንጃ ፈቃድ ሳይዝ ይማረዋል፤ በማሳው ዳር ቆሞ ያየ የጀውሃ ገበሬም ሜትር ሳይዝ «አንድ ክንድ እንኳ አልራቀም» ብሎ ሊመሰክር ይችላል።

ካሳና ቅጣት የሚመጡት ሰው ከወደቀ በኋላ ነው። ሦስቱ ክንድ ግን ሰው ሳይወድቅ የሚሠራ ሕግ ነው። በአገራችን የመንገድ ደንብ በተጻፈና በተሻሻለ ቁጥር ይህ ልክ በቁጥር እንዲሰፍር ማሳሰብ የሁላችንም ተግባር ይመስለናል።