ሃይፋ ላይ ጉድጓድ በጠመኔ

መንገድ ላይ ተሥሎ ገደል መስሎ የሚያስደነግጠውን ሥዕል አሜሪካዊው ከርት ዌነር በ1980ዎቹ ጣሊያን ውስጥ አስለመደው። ዘዴው ምሥጢር የለውም፤ ጠመኔ፣ ክር፣ ሜትርና ስልክ ይበቃል። ለጀማሪ ከሳጥን ጉድጓድ ይሻላል፦ ከመሬት ከፍ ያለ ነገር ሲሣል ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ጉድጓድ ግን ያጥራል፤ ጠመኔም ይቆጥባል።

ደረጃ 1፦ ቦታና ወቅት
ሃይፋ የቀርሜሎስ ተራራ ተዳፋት ላይ ስለተሠራች ደልዳላ ቦታ ፈልጉ፤ የታችኛው ስሌት ዳገት ላይ አይሠራም። ኢሪያ (ማዘጋጃ ቤት) ሄዳችሁ ፈቃድ ጠይቁ። አገር ቤት ክረምት በሚሆንበት በሐምሌ እዚያ ዝናብ የለም ማለት ይቻላል፤ ጠመኔ የዚያን ጊዜ ነው። ቤት ሃጌፈን የተባለው የአረብና የአይሁድ የባህል ማዕከል በዋዲ ኒስናስ ሰፈር የሚያዘጋጀው የበዓላት በዓል ብዙ ሰው ይስባል፤ ነገር ግን በታኅሣሥ፣ በዝናቡ ወራት ነው። ለዚያ ከሆነ ሰሌዳ ላይ በቀለም ሥሩ።

ደረጃ 2፦ መቆሚያ
ፎቶ አንሺው የሚቆምበትን ነጥብ በፕላስተር ምልክት አድርጉ። የካሜራው ቁመት 1.6 ሜትር ይሁን። ከነጥቡ ወደ ፊት ክር ወጥሩ፤ ሥዕሉ ለሁለት እኩል የሚከፈለው በዚህ ክር ነው።

ደረጃ 3፦ ልኬት
ከነጥቡ 2 ሜትር ላይ ጀምሮ 4 ሜትር ላይ የሚያልቅ፣ 1.5 ሜትር ስፋትና 80 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ እንበል። አፉን በእውነተኛ ልኩ ሣሉት። ለወለሉ 1.6ን ለ2.4 (የካሜራው ቁመትና ጥልቀቱ ሲደመሩ) አካፍሉ፤ ሁለት ሦስተኛ ይመጣል። ስለዚህ የሩቁ ግድግዳ ግርጌ 2.67 ሜትር ላይ ይወድቃል፤ ርዝመቱም 1 ሜትር ነው። ጫፎቹን ከአፉ የሩቅ ማዕዘኖች ጋር አገናኙ። ከዚያው ጫፎች ከክሩ ጎን ለጎን እስከ ቅርቡ ጠርዝ ሁለት መስመር አውርዱ።

ደረጃ 4፦ ሳንቃው
የሥዕሉ ጨዋታ እዚህ ላይ ነው። ከ3 እስከ 3.3 ሜትር ድረስ አፉን የሚያቋርጥ ጠባብ ቦታ ሳትነኩ ተዉ፤ ንጣፉ ራሱ ሳንቃ ይሆናል። ሳንቃው ውፍረት እንዲኖረው ከፊቱ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል አጥቁሩ። የቀረውን ወደ ታች በሄደ መጠን እያጠቆራችሁ ሙሉ።

ደረጃ 5፦ ፎቶ
ፀሐይ ካለ የቆመው ሰው ጥላ ጉድጓዱ ላይ ይዘረጋና ሁሉንም ያጋልጣል፤ ቦታውን የሕንፃ ጥላ የሚሸፍንበትን ሰዓት ጠብቁ። ሰውየው ሳንቃው ላይ ቆሞ እጁን ይዘርጋ። ፎቶ የሚያነሣው ልጅ ከሆነ ስልኩን ከፍ ያድርግ፤ ካሜራው 1 ሜትር ላይ ከሆነ ጉድጓዱ 50 ሴንቲ ሜትር ብቻ ይመስላል።