የአንድ ወረዳ የአደጋ ስጋት እንዴት ይመዘናል? ከጎፋው የመሬት መንሸራተት የሚገኝ ትምህርት

ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ በተባለው ቀበሌ የደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ሰዎችን ሕይወት ቀጥፏል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ግን ቤታቸው በመጀመሪያው ናዳ የተዋጠባቸው ሰዎች አልነበሩም። የተቀበሩትን ለማትረፍ በእጅና በአካፋ ሲቆፍሩ ሁለተኛው ናዳ የደረሰባቸው ጎረቤቶች ነበሩ። ባለሙያዎች የአንድን ገጠር ወረዳ የአደጋ ስጋት ሲመዝኑ ተራራውን ብቻ ሳይሆን ሰውንም የሚመለከቱት ስለዚህ ነው።

አደጋና ስጋት ይለያያሉ

ሰው በማይኖርበት ገደል ላይ የሚወርድ ናዳ የተፈጥሮ ክስተት ነው፤ የሚያደርሰው ስጋት ግን አነስተኛ ነው። ስጋት የሚለካው ሦስት ነገሮችን በማገናዘብ ነው፦ አደጋው የመድረሱ ዕድልና ኃይሉ፣ በአደጋው መንገድ ላይ ያሉት ሰዎችና ንብረት ተጋላጭነት፣ እንዲሁም ኅብረተሰቡ አደጋውን የመቋቋም አቅም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሲጨምሩ ስጋቱ ያድጋል፤ ሦስተኛው ሲጎለብት ስጋቱ ይቀንሳል።

መሬት ለምን ይንሸራተታል?

በክረምት ተከታታይ ዝናብ ሲጥል ውኃው በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። አፈሩ ይከብዳል፤ ቅንጣቶቹን አያይዞ የነበረው ሰበቃም ይዳከማል። ቁልቁለቱ የሰላ፣ አፈሩ ጥልቅ፣ ሥር ሰድደው የሚይዙት ዛፎችም የተመነጠሩ ከሆነ ሚዛኑ በቀላሉ ይፈርሳል። ለመንገድ ወይም ለቤት መሥሪያ የተራራውን ግርጌ መቁረጥም ደጋፊውን እንደ መንሣት ነው።

ናዳው ከወረደ በኋላ ከላይ የሚቀረው አፈር ድጋፉን ያጣ፣ ውኃውንም እንደያዘ ያለ ነው። ዳግመኛ ናዳ የሚያሰጋው በዚህ ምክንያት ነው።

ምዘናው በቀበሌ ደረጃ

በመጀመሪያ ያለፈው ይጠየቃል። ከዚህ በፊት የት ተናደ? በየትኛው ወር? ከስንት ቀን ዝናብ በኋላ? የመንግሥት መዝገብ የሌለውን መልስ የአገር ሽማግሌዎች ሊያውቁት ይችላሉ። ቀጥሎ ምልክቶች ይፈተሻሉ፦ በመሬት ወይም በግድግዳ ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍና አጥር፣ በድንገት የፈለቀ ወይም የደፈረሰ ምንጭ፣ ያለ ምክንያት አልዘጋ ያለ በር።

ከዚያም ከቁልቁለቱ ሥር ያሉት ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ገበያዎች ይቆጠራሉ። ጊዜም ይታሰባል። ማክሰኞ የሚቆም ገበያ በሌላው ቀን ባዶ ሜዳ ነው፤ ቤተሰብ ሁሉ ቤቱ የሚገኘው ሌሊት ነው። በመጨረሻም አቅም ይመዘናል። መንገዱ በክረምት ያስኬዳል? ስልክ ይሠራል? ሰዎች የሚሸሹበት ደልዳላ መሬት የት ነው?

በካርታ ላይ የማይታየው ስጋት

የኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ አደጋ በዚህ ዝርዝር ላይ አንድ ጥያቄ ይጨምራል፦ ሰው ለእርዳታ ሲሮጥ የት ይቆማል? የወገን ጩኸት እየተሰማ ከመቆፈር ታቀቡ ማለት ከባድ ነው፤ የሚሰማም አይኖርም። ስለዚህ ዝግጅቱ ከአደጋው በፊት ያለቀ መሆን አለበት። የሚቆፍሩት በቁጥር የተወሰኑ ይሁኑ፤ ሌላው ሕዝብ ራቅ ብሎ ይጠብቅ። ከአደጋው መስመር ውጭ ሆነው ቁልቁለቱን የሚከታተሉና የሚያስጠነቅቁ ሰዎችም ይመደቡ። ማምለጫውን ሁሉም አስቀድሞ ይወቅ።

በውጭ አገር ሆነው ለወላጆቻቸው ቤት የሚያሠሩ ወገኖችም ገንዘቡን ከመላካቸው በፊት ሊጠይቋቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ። ቦታው ከቁልቁለት ሥር ነው? ለመሠረቱ የተራራው ግርጌ ይቆረጣል? የዝናቡ ውኃ ወዴት ይፈስሳል? ለእነዚህ ጥያቄዎች አጥጋቢ መልስ ካልተገኘ፣ ቤቱን ወደ ሌላ ቦታ ማዛወር የሚቀለው መሠረቱ ከመጣሉ በፊት ነው።