ጨውን መቋቋም፦ ልማድ ወይስ ውርስ?

በመካነ ሰላም ዙሪያ ደጋዎች የክረምቱ ዝናብ የአፈሩን ጨው አጥቦ ወደ ዓባይ ስለሚወስደው ገብሱን ጨው አያስጨንቀውም። በአዋሽ ሸለቆ፣ በአሚባራ፣ ግን የመስኖው ውኃ ሲተን ጨው ይቀራል፤ በዚሁ ሳቢያ የተተዉ የጥጥ ማሳዎች አሉ።

በባሕር ዳርቻ ረግረግ የሚበቅሉ አንዳንድ ሣሮች ጨውን በቅጠል ዕጢ ያስወጣሉ። ይህ ልማድ ነው ወይስ ውርስ? የጨው መጠናቸው ከሚለያይ ቦታዎች የመጡ ዘሮች በአንድ ማሳ ለተከታታይ ትውልዶች ተዘርተው ልዩነታቸው ካልጠፋ ውርስ ነው። ጨው ተክሉን አያስተምርም፤ ያልቻለውን ይገድላል፣ የተረፈው ዘር ይሰጣል።

ውርስ ከሆነ ደግሞ ማዳቀል ይቻላል። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ሶዲየም ወደ ቅጠል እንዳይደርስ ከሥሩ የሚያግድ ዘረ መል ከጥንታዊ የስንዴ ዘመድ ወደ ማካሮኒ ስንዴ አሻገሩ፤ በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጡት ውጤትም በጨዋማ ማሳ ምርቱ እስከ 25 በመቶ ጨምሯል።