በቢቸናና በሞጣ ወንዞች ዓሣን በመንጠቆ ስለ ማጥመድ

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄደው መንገድ በደጋው ራስ ላይ የሚያልፍ ሲሆን፤ ሱሃ፣ ሙጋ፣ ሰዴና አዝዋሪ የሚባሉት ወንዞች ግን ይህን ደጋ እየሰነጠቁ ወደ አባይ ይወርዳሉ። የአገሩ ሰው በጤፍና በስንዴ፣ በከብትና በንብ የታወቀ ገበሬ ነው፤ የወንዙን ዓሣ ግን እንደ ሀብት ቈጥሮ በሥርዓት የሚይዘው ጥቂት ሰው ብቻ ነው። በጾም ወራት ዓሣ የሚፈልግ ሰው በከተማው እየበዛ ሲሄድ፤ በቆላው ዳር ያለ ወጣት ደግሞ መሬት አንሶት ሥራ ሲፈልግ ይገኛል። ስለዚህ የወረዳ የእርሻ ሹማምንትና የልማት ሠራተኞች ለሕዝቡ ሊያስተምሩት የሚገባው የዓሣ አጠማመድ ከዚህ ቀጥሎ ተገልጿል።

1ኛ፤ በመጀመሪያ ሊከለከል ስለሚገባው ነገር

በብዙ ወንዝ ዳር የቈየው ልማድ የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ከተኛ ውኃ ውስጥ መበተን ነው። በብርብራ ፍሬ ውስጥ ሮተኖን የሚባል መርዝ አለ፤ ይህም መርዝ በዓሣው ስንጥብ በኩል ገብቶ ሰውነቱ በአየር እንዳይጠቀም ያደርገዋል፤ ዓሣውም ታፍኖ ይንሳፈፋል። ሰውየው ትልልቁን ለቅሞ ይሄዳል፤ ጣት የማታህለው ጫጩት፣ ዓሣው የሚመገበው የውኃ ተባይ፣ ሁሉም አብሮ ያልቃል። በአንድ ቀን የተገኘው አንድ ቁና ዓሣ ለብዙ ዓመት የሚሆነውን ዘር አጥፍቶ የተገኘ ነው። ከዚህም በላይ ያ ውኃ ከብት የሚጠጣው፣ ከበታቹ ያለው መንደርም የሚቀዳው ውኃ ነው።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ዓሣን በመርዝና በፈንጂ ማጥመድን ይከለክላል። ነገር ግን ሰው በክልከላ ብቻ አይመለስም፤ ብርብራውን የሚጥለው ሌላ መንገድ ሲያገኝ ነው። መንጠቆ ዋጋው ጥቂት ነው፤ ትልቁን መርጦ ይይዛል፤ ውኃውንም አያበላሽም። የዚህ ትምህርት ዋና ምክንያቱ ይኸው ነው።

2ኛ፤ ስለ ዓሦቹ ዓይነት

በአባይና በገባሮቹ ከሚገኙት ዓሦች ለመንጠቆ የሚመቹት በተለይ ሁለት ናቸው።

አንደኛው በጣና ዙሪያ ነጭ ዓሣ የሚባለው፣ በሳይንስ ስሙ ላቤዮባርቡስ የተባለው ነው። ቅርፊቱ ትልልቅ ሲሆን በአፉ ዙሪያ ሁለት ጥንድ አጫጭር ጢም አለው። በጣና ሐይቅ የዚህ ወገን ዓይነቶች ወደ 15 የሚሆኑ ሲሆኑ፤ ከነዚህም ስምንቱ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። በወንዝ የሚገኘው ግን አብዛኛው ትልም፣ ተባይም፣ የውኃ ሣርም፣ ትንሽ ዓሣም ያገኘውን ሁሉ ይበላል።

ሁለተኛው አምባዛ ነው። ቅርፊት የለውም፤ ራሱ ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ አራት ጥንድ ረዣዥም ጢም አለው። ከውኃው በላይ ያለውን አየር ለመተንፈስ ስለሚችል ጭቃ በሆነና በደፈረሰ ውኃም ይኖራል። በጨለማ ይመገባል፤ ምግቡንም በጢሙና በሽታው ይፈልጋል።

ከነዚህ ሌላ በሶ የሚባለው ዓሣ አለ፤ እርሱ ግን በድንጋይ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ልብስ እየፋቀ የሚበላ ስለ ሆነ ትል በተሰካበት መንጠቆ እንብዛም አይያዝም።

በውጭ አገር ዓሣን በመንጠቆ ለሚያጠምዱ ሰዎች እጅግ የተወደደው ባስ የተባለው የአሜሪካ ዓሣ ነው፤ ይህም ዓሣ በ1921 ዓ.ም. ገደማ ወደ ኬንያ ናይቫሻ ሐይቅ ገብቷል። ለእርሱ የተበጀው ጥበብ፤ ይኸውም ዓሣው የሚሸመቅበትን ቦታ አውቆ ከዚያ አጠገብ ማባበያውን እያንቀሳቀሱ ማሳለፍ፤ ዓሣ ለሚበላው ለነጩም ዓሣ ይሠራል። ስለዚህ ሌላ ዓሣ ከውጭ ማምጣት ሳያስፈልግ ጥበቡን ብቻ መውሰድ ይበቃል።

3ኛ፤ ስለ መሣሪያው

ዘንግ፤ ከእንጅባራ በኩል የሚመጣው ቀርከሃ ይመረጣል። ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ሜትር ሆኖ ጫፉ ቀጭን፣ እጀታው ወፍራም መሆን አለበት። እርጥቡ ቀርከሃ ይከብዳል፤ በፀሐይ የደረቀውም ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ በጥላ አጋድሞ ማድረቅ ይገባል።

ክር፤ ለነጭ ዓሣ ውፍረቱ 0.30 ሚሊሜትር፣ ለአምባዛ ከ0.40 እስከ 0.50 ሚሊሜትር የሆነ ናይለን ይበቃል። የክሩ ርዝመት ከዘንጉ ጋር እኩል ቢሆን ለጀማሪ ይመቻል። በድንጋይ የተፋቀውን ክር በጣት ዳስሶ ሻካራውን ቈርጦ መጣል ይሻላል፤ ትልቅ ዓሣ የሚያመልጠው ብዙ ጊዜ በዚያ በኩል ነው። የተጣለውንም ክር በወንዝ ዳር መተው አይገባም፤ የከብትንና የወፍን እግር ያስራል።

መንጠቆ፤ ቁጥሩ ከ1 ወደ ላይ እየጨመረ ሲሄድ መንጠቆው እያነሰ ይሄዳል፤ ከቁጥሩ ቀጥሎ በዜሮ የተጻፈው (1/0፣ 2/0፣ 3/0) ግን እየጨመረ ሲሄድ ያድጋል። ለነጭ ዓሣ ከቁጥር 8 እስከ 4፣ ለአምባዛ ከ1/0 እስከ 3/0 ያለው ይስማማል። እጅግ ትንሽ መንጠቆ ጫጩቱን ስለሚይዝ አይመከርም። ጫፉ በጥፍር ላይ ሲጎተት ተንሸራቶ ካለፈ ደንዝዟልና በመሳል ይሳላል።

እርሳስና ተንሳፋፊ፤ እርሳሱ ከመንጠቆው አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ ይታሰራል፤ ክብደቱ ማባበያውን ወደ ታች ለማውረድ የሚበቃ ብቻ ይሁን። ተንሳፋፊውም የጠርሙስ ቡሽ ወይም የደረቀ ሸምበቆ ቁራጭ ሊሆን ይችላል።

አተሳሰሩ፤ የክሩን ጫፍ በመንጠቆው ቀዳዳ አሳልፎ አንድ ስንዝር ያህል ማውጣት፤ የወጣውን ጫፍ በዋናው ክር ላይ አምስት ወይም ስድስት ጊዜ መጠምጠም፤ ከዚያም ጫፉን መልሶ ከቀዳዳው አጠገብ በተፈጠረችው ትንሽ ቀለበት ውስጥ ማስገባት፤ በመጨረሻም ቋጠሮውን በውኃ አርሶ ቀስ ብሎ ማጥበቅ ነው። ደረቁን ናይለን በኃይል የሳበው እንደ ሆነ ክሩ እርስ በርሱ ተፋትጎ ይግላል፤ ጥንካሬውም ይቀንሳል።

4ኛ፤ ስለ ማባበያው

ለነጭ ዓሣ የመሬት ትል፣ ፌንጣና በእጅ የጠነከረ ሊጥ ይሆናሉ። ትሉ የመንጠቆውን ብረት ሸፍኖ ጫፉ ጥቂት እንዲወዛወዝ ይሰካል። ፌንጣው ግን ያለ እርሳስ በውኃው ፊት ላይ እንዲንሳፈፍ ቢለቀቅ ይሻላል። ለአምባዛ የሚሸት ነገር ይመረጣል፤ የከብት ጉበት፣ አንጀት ወይም የትንሽ ዓሣ ቁራጭ መልካም ነው።

ዓሣ ለሚበላው ነጭ ዓሣ ከሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ በማንኪያ ቅርፅ የተሠራ ማባበያ ይጠቅማል። ርዝመቱ ከጣት አይበልጥ፤ በአንዱ ጫፍ ክሩ፣ በሌላው መንጠቆው ይታሰራል። ክሩ እንዳይጠማዘዝ የሚዞር ትንሽ ቀለበት በመካከሉ ይደረጋል። ወደ ውኃው ተወርውሮ ጥቂት ሲሰምጥ፣ አንድ ጊዜ ፈጠን አንድ ጊዜ ዝግ እያሉ መሳብ ነው። የቆሰለ ትንሽ ዓሣ የሚሄደው እንዲሁ ነውና፤ ትልቁም የሚከተለው ይህን አይቶ ነው።

5ኛ፤ ስለ ቦታውና ስለ ጊዜው

በበጋ ወንዙ ሲያንስ ዓሣው በተኛው ጥልቅ ውኃ ይሰበሰባል። በዚያም ውስጥ ቢሆን በሁሉ ቦታ አይገኝም። የሚቆመው ፈጣኑ ውኃ ወደ ተኛው በሚገባበት ጫፍ፣ ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ ውኃው በሚዞርበት ስፍራና ከዳር በተንጠለጠለ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ምክንያቱም በእነዚህ ቦታዎች ዓሣው ከውኃው ኃይል ጋር ሳይታገል ወንዙ የሚያመጣለትን ምግብ ያገኛል። ስለዚህ ማባበያው ከላይ በኩል ተጥሎ ውኃው ራሱ ወደ ዓሣው እንዲያደርሰው መተው ይሻላል።

ነጭ ዓሣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ከሰዓት በኋላም ከ10 ሰዓት እስከ ምሽት በደንብ ይበላል። አምባዛ ሲመሽና ውኃው ሲደፈርስ ይወጣል። አጥማጁ ከውኃው ጠርዝ ራቅ ብሎ ጎንበስ ይበል፤ ጥላው በውኃው ላይ አይረፍ፤ ድንጋይም አይርገጥ፤ ዓሣ የመሬቱን እንቅስቃሴ ይሰማልና።

ተንሳፋፊው ሲንቀጠቀጥ ወዲያው መሳብ አይገባም፤ ዓሣው ገና እየቀመሰ ነው። ሰምጦ ወደ ጎን ሲሄድ ዘንጉን በእጅ አንጓ ብቻ ቀና ማድረግ ይበቃል። ትልቅ ዓሣ የተያዘ እንደ ሆነ ዘንጉን ከፍ አድርጎ ማድከም እንጂ በክሩ በቀጥታ ወደ ዳር መጎተት ክሩን ያስበጥሳል።

6ኛ፤ ሊጠበቅ ስለሚገባው ወቅት

ነጭ ዓሣ ክረምት ሲገባ ወንዙ ሲሞላ ወደ ላይ ወጥቶ ጠጠር ባለበት፣ ንጹሕ ውኃ በሚፈስበት ስፍራ እንቁላሉን ይጥላል። ይህም ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ድረስ ያለው ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት ዓሣው በጠባብ ወንዝ ተጨናንቆ ስለሚገኝ መያዙ ቀላል ነው፤ ጥፋቱም በዚያው ልክ ብዙ ነው።

የዚህ ማስረጃ በጣና ታይቷል። በ1978 ዓ.ም. ገደማ በሞተር ጀልባና በመረብ ማጥመድ ተጀመረ፤ መረቡም ዓሣው ለመራባት በሚሰበሰብበት በወንዞቹ አፍ ይዘረጋ ነበር። ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት ነጭ ዓሦች በክብደት ሦስት አራተኛ ያህል መቀነሳቸው በጥናት ተገልጿል። ሰፊው ሐይቅ ይህን ያህል ከተጐዳ፣ እንደ ሱሃና እንደ ሰዴ ያለው ጠባብ ወንዝ ምን ያህል በቶሎ ባዶ ሊቀር እንደሚችል ማሰብ አያዳግትም።

ስለዚህ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ገባሮቹን ማሳረፍ፤ በሌላውም ጊዜ ከአንድ ስንዝር ያነሰውን ዓሣ እጅን አርሶ መንጠቆውን በቀስታ አውጥቶ መልሶ መልቀቅ ይገባል። በደረቅ እጅ የተያዘ ዓሣ ሰውነቱን የሚጠብቀው ልጋግ ስለሚገፈፍ ቢለቀቅም በኋላ ይሞታል።

7ኛ፤ ስለ አያያዙና ስለ ጥንቃቄው

በቆላው ሙቀት ሆዱ ያልተከፈተ ዓሣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይበላሻል። እንደ ተያዘ ራሱን መትቶ መግደል፤ ሆድ ዕቃውንና ስንጥቡን ማውጣት፤ በንጹሕ ውኃ አጥቦ በእርጥብ ቅጠል ሸፍኖ በጥላ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ወደ ቢቸና ወይም ወደ ሞጣ ገበያ በዚያው ቀን የማይደርሰው ዓሣ በጀርባው ተሰንጥቆ ለ3 ወይም ለ4 ኪሎ ዓሣ 1 ኪሎ ጨው ታሽቶ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይደርቃል። ገዢው ደግሞ ትኩሱን በዓይኑ ጥራትና በስንጥቡ ቅላት ይለየዋል።

በአባይ ዳር፣ ለምሳሌ ከሞጣ በታች በሰባራ ድልድይ በኩል፣ የሚያጠምድ ሰው አዞ መኖሩን መርሳት የለበትም። ውኃ ውስጥ ገብቶ መቆም፣ ዓሣውንም በጠርዙ ላይ ማረድ አደገኛ ነው። በደጋው ዝናም ሲጥል ቆላው ፀሐይ ቢሆንም ወንዙ በድንገት ይሞላል፤ ውኃው መደፍረስ፣ ቅጠልና እንጨትም መንሳፈፍ ሲጀምር ወዲያው ወደ ከፍታ መውጣት ይገባል። በቆላ የሚያድር ሰውም ከወባ የሚጠበቅበትን አጎበር ይያዝ።

8ኛ፤ የሹማምንቱ ተግባር

በየቀበሌው ወንዝ አጠገብ የሚኖሩትን ወጣቶች ሰብስቦ አተሳሰሩንና አጠማመዱን በተግባር ማሳየት፤ መንጠቆና ክር በቅርብ ገበያ እንዲገኝ ነጋዴዎችን መምከር፤ ዓሣው የሚራባባቸውን ጠጠራማ ስፍራዎች ከሽማግሌዎች ጋር ለይቶ ማስከበር ያስፈልጋል። የተያዘው ዓሣ ብዛቱና ዓይነቱ በየወሩ ቢጻፍ፣ ወንዙ እያደገ ወይም እያለቀ መሆኑ ከመዝገቡ ይታወቃል። ለሚያስቸግር ነገርም በባሕር ዳር የሚገኘውን የዓሣ ምርምር ማዕከል መጠየቅ ይቻላል።

ብርብራ የሚበትን ሰው በተገኘ ጊዜ ሕጉን መፈጸም ተገቢ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን መንጠቆ መያዝን የተማረ መሆኑን መመርመር ይሻላል። ወንዙን ዘወትር የሚጠብቀው ከወንዙ በየጊዜው የሚጠቀመው ሰው ነውና።